የአራት ዓመት ተኩል ልጅ ቴኳንዶ ማስመዝገብ፤ የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች ምን ትላላችሁ?

የቧንቧ ውሃ እናት (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው፤ የመጀመሪያ ልጄ አራት ዓመት ተኩል ሆኗት ኬጂ አንድ ትማራለች። የጎረቤቶቻችን ልጆች ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቀበቷቸውን ታጥቀው ወደ ቴኳንዶ ሥልጠና ሲሄዱ በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች፤ ከሄዱ በኋላም በግቢያችን ውስጥ እግሯን ወደ ላይ እየወረወረች ትውላለች። ላስመዘግባት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከባለቤቴ ጋር ስላልተስማማን ልምድ ያላችሁን ወላጆችና ሙያው ያላችሁን ሰዎች ለመጠየቅ መጣሁ።

የባለቤቴ ሥጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ልጃችን የተወለደችው በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በጦርነቱ ምክንያት ከደሴ ወጥተን ዘመድ ቤት ተጠግተን በነበርንበት ጊዜ ነው። ዛሬም ድንገተኛ ድምፅ ስንሰማ፣ የቆርቆሮ በር እንኳ በነፋስ ሲላጋ፣ እሱም እኔም እንደነግጣለን። ልጅቷም ከእኛ ተምራ ይሁን ከተፈጥሮዋ፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ትይዛለች። "ከጩኸት ሸሽተን የወለድናትን ልጅ እየጮኸች መማታት እንድትማር አልወስዳትም" ይላል። እውነቱን ነው ብዬ ዝም ያልኩባቸው ብዙ ቀናት አሉ።

በሌላ በኩል ግን መምህሯ ደጋግማ የምትነግረን ነገር አለ። ልጅቷ ተራ መጠበቅ አትችልም፤ ሸርተቴው ላይ ከፊቷ ያለውን ልጅ ትገፋለች፣ ሰልፍ ላይ አትቆምም፣ ስትናደድ ከአፏ በፊት እጇ ይቀድማል። ሥልጠናው ልጆችን ያረጋጋል የሚሉ አሉ፤ ያባብሳል የሚሉም አሉ። ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ ለዚህ ዕድሜ ልጅ በእርግጥ የሚሰጠው ጥቅም አለ ወይ? ካለስ ጥቅሙ ከምኑ ነው የሚመጣው? ስሄድስ ምን ምኑን ልይ?

የሁለት ልጆች አባት፣ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ ጥያቄሽ የእኔም ጥያቄ ስለነበር ያየሁትን ልንገርሽ። ወንዱ ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላው ጀምሮ አሁን ሁለት ዓመት ሆኖታል። ያስገባሁት እንዳይነኩት፣ ራሱን እንዲከላከል ብዬ ነበር፤ ይህ ሐሳብ ስሕተት እንደነበረ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። የአምስት ዓመት ልጅ በእርግጫ ራሱን ከማንም አይከላከልም፤ ትልቅ ሰው አንሥቶ ሊወስደው ይችላል። ያገኘው ጥቅም ከጠበቅሁት በሌላ በኩል የመጣ ነው።

አሠልጣኛቸው ልጆቹን በአዳራሹ ውስጥ እንዲሮጡ ያደርግና በድንገት "ቻርዮት!" ይላል፤ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ እግሩን አንሥቶ የነበረም እንዳነሣ ይቆያል። እኔ ይህን ሳይ ጨዋታ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከወራት በኋላ ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዋናው መንገድ ዳር ስንሄድ ልጄ እጄን አስለቅቆ ኳሱን ተከትሎ ሮጠ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱና ከዚያ የሚመጡ ተሳቢዎች ጠፍተውበት አያውቁም፣ ባጃጆቹም በመካከላቸው ይሾልካሉ። ልደርስበት እንደማልችል ሳውቅ ከአፌ የወጣው ያ ቃል ነበር፤ "ቻርዮት!" አልኩ። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ አንድ እግሩ ከመሬት ሳይነካ ቆመ። ኳሱ ተሳቢው ጎማ ሥር ገባ።

የአንድ ቀን አጋጣሚ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ነገር ግን ልጁ በሳምንት ሁለት ቀን ለወራት የተለማመደው በሩጫ መካከል መቆምን ስለሆነ፣ አካሉ ከሐሳቡ ቀድሞ ታዘዘ ብዬ አምናለሁ። ተራ የማትጠብቅ፣ እጇ የሚቀድም ልጅም የሚጎድላት ይኸው መቆም ይመስለኛል።

የኬጂ መምህርት፣ ደሴ

ከላይ የጻፉት ወላጅ ልጃቸው በመትረፉ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን በሌላ በኩል ያለውን ልናገር፤ ምክንያቱም ቅዳሜና እሑድ የተማሩት ሰኞ ጠዋት የሚመጣው ወደ እኔ ክፍል ነው። ባለፈው ዓመት ከአንድ ማሠልጠኛ የሚመጡ ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ ሰኞ ሰኞ በእረፍት ሰዓት ሌሎቹን ልጆች አሰልፈው እርግጫ ይለማመዱባቸው ነበር። የአንዲት ሕፃን ከንፈር ተተርትሯል። ወላጆቻቸውን ጠርቼ ሳነጋግር "ጎበዝ ሆኗል" የሚል መልስ ነው ያገኘሁት፤ ይህ በጣም አሳዝኖኛል።

ሌላው፣ ይህ ዕድሜ የጨዋታ ዕድሜ መሆኑን አንርሳ። በአንድ እግር መዝለል፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ተራ መጠበቅ፣ መስመር ሳይረግጡ ማለፍ፣ እነዚህን ሁሉ እኛ በሰኞ ማክሰኞ ተምረናቸዋል፤ አሠልጣኝም ክፍያም አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው የልብ ምትን የሚጨምር ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲሆን ይመክራል፤ ስክሪን ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ ደግሞ ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ። በሳምንት ሁለት ቀን ለ40 ደቂቃ የሚሰጥ ሥልጠና ይህን አይሞላም። ልጁን ማሠልጠኛ አድርሶ ቀሪውን ሳምንት ስልክ አስይዞ የሚያስቀምጥ ወላጅ ልጁን አልጠቀመውም።

እርግጥ ነው፣ ዛሬ በከተማችን ልጆች የሚሮጡበት ግቢ ጠቧል፤ ኪራይ ቤት የሚኖሩት ደግሞ ጨርሶ የላቸውም። ስለዚህ አትውሰዷት ለማለት አልደፍርም፤ ከመውሰዳችሁ በፊት ግን ያ ማሠልጠኛ "ከዚህ ውጭ እግር አይነሣም" የሚለውን ሕግ እንዴት እንደሚያስጠብቅ ጠይቁ።

የልጆች አሠልጣኝ፣ ደሴ

መምህርት፣ ያነሡት ትክክል ነው፤ ጥፋቱም የልጆቹ ሳይሆን የእኛ የአሠልጣኞቹ ነው። ልጆችን ማሠልጠን ከጀመርኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እኔም ያጠፋሁት ይህንኑ ነው። ለወጣቶች የማስተምረውን ትምህርት አሳጥሬ ለአራት ዓመት ልጆች እሰጥ ነበር፤ በሰልፍ አቁሜ እርግጫ፣ ቡጢ፣ እርግጫ። ትምህርቱ ሲያበቃ የሚቀራቸው እርግጫ ብቻ ስለሆነ ይዘውት የሚሄዱትም እሱን ነበር።

አሁን የምሠራው በሌላ መንገድ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉትን ከትልልቆቹ ለይቼ ከ12 ልጆች ባልበለጠ ቡድን ለ40 ደቂቃ አሠለጥናለሁ። የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ሩጫና ማቆም ነው፤ የኮምቦልቻው ወንድሜ እንደጻፈው። ከዚያ አወዳደቅ እናስተምራለን። ልጁ ቁጢጥ ብሎ ይቀመጥና አገጩን ደረቱ ላይ ያስጠጋል፤ ወደ ኋላ ሲንከባለል ሁለቱን እጆቹን ከጎኑ ዘርግቶ ምንጣፉን በመዳፉ ይመታል፤ ጭንቅላቱ ምንጣፉን መንካት የለበትም። ይህ በተለይ ከጁዶ የመጣ ነው። ለእኔ ለዚህ ዕድሜ ከእርግጫ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ትንሽ ልጅ በሕይወቱ ከሚማታው ይልቅ የሚወድቀው ይበዛል። የደሴ ዳገትና ደረጃ ደግሞ የታወቀ ነው።

እርግጫ ያለው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም እኔ በያዝኩት ፓድ (ለስላሳ የመምቻ ትራስ) ላይ ብቻ። አንዱ ሲመታ ሌሎቹ ተንበርክከው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ላይ አንድ የአራት ዓመት ልጅ የሦስት ልጆችን ተራ መጠበቅ አይችልም፤ ከሁለት ወር በኋላ የስምንት ልጆችን ተራ ይጠብቃል። ይህን ለውጥ የሚያመጣው ምክር አይደለም፤ የሚጠብቀው ነገር በጣም ስለሚያጓጓው፣ ተራውም በእርግጥ ስለሚደርሰው ነው። አሠልጣኙ አንድ ቀን ተራ ካዛባ ወይም የሚያቅበጠውን ልጅ ካስቀደመ ትምህርቱ ፈረሰ።

ስለ ጩኸቱ ላስረዳ። ኪሃፕ የሚባለው አጭር ድምፅ በምቱ ቅጽበት አየር ለማስወጣትና ሆድን ለማጠንከር ነው። ዓይን አፋር ለሆኑ ልጆች ብዙ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በድምፅ ለሚደነግጥ ልጅ ግዴታ መሆን የለበትም። እናቲቱ ይህን ለአሠልጣኙ አስቀድመሽ ንገሪው። "ትለምደዋለች" ብሎ የሚያልፍሽ ከሆነ ልጅሽን ይዘሽ ተመለሺ።

የጥቁር ቀበቶ ተስፋም አይስጧችሁ። የቴኳንዶ ማዕረግ የሚሰጠው የኮሪያው ተቋም፣ ኩኪዎን፣ ባለው ሥርዓት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ዳን የሚባለው የጥቁር ቀበቶ ማዕረግ አይሰጠውም፤ የሚሰጠው ፑም የሚባለው የልጆች ማዕረግ ነው፤ ቀበቶውም ቀይና ጥቁር ነው። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ ወርልድ ቴኳንዶ፣ የሚያወዳድረው የታዳጊዎች ዕድሜም ከ12 ዓመት ይጀምራል። ስለዚህ አምስት ዓመት ልጅን ከአምስት ዓመት ልጅ ጋር አጋጥሞ የሚያፋልም፣ ወላጅም ቆሞ የሚያጨበጭብበት ቦታ ካያችሁ ለምን ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የቧንቧ ውሃ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልን። የአወዳደቁን ነገር ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ ደግመሽ አንብቢልኝ አለኝ። የጤና ባለሙያ ካለ ደግሞ ስለ አጥንቷ ብትነግሩኝ፤ ልጅቷ ቀጭን ናት።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ኮምቦልቻ

ቅጥነቷ ብቻውን አያሳስብም። ሊታሰብበት የሚገባው ሌላ ነው። የልጆች ረጃጅም አጥንቶች ጫፋቸው አካባቢ ገና ያልጠነከረ፣ አጥንቱ የሚረዝምበት ክፍል አላቸው፤ ይህ ክፍል በልጅነት ከጅማቱ ይልቅ ስስ በመሆኑ ኃይለኛ ወይም ተደጋጋሚ ጫና ሲያርፍበት ሊጎዳና ዕድገቱን ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ በጨበጡት ጡጫ ሲሚንቶ ላይ ፑሽ አፕ ማሠራት፣ ጣውላ ማሰበር፣ ከፍታ ካለው ነገር ላይ ደጋግሞ ማዘለል ለዚህ ዕድሜ የሚሆን አይደለም።

ከሁሉ በላይ የምቃወመው ልጆችን ስፓካታ በግድ ማስወረድን ነው። አሠልጣኙ ጀርባቸው ላይ ተጭኖ ወይም ጉልበታቸውን በእግሩ ገፍቶ እግራቸውን ወደ ጎን ሲከፍት፣ ልጁም እያለቀሰ "ጠንክር" ሲባል አይቻለሁ፤ ብሽሽቷ ላይ ጡንቻዋ ተጎድቶ ለሳምንታት እያነከሰች የመጣች የስድስት ዓመት ልጅም አክሜያለሁ። ልጆች በተፈጥሯቸው ተጣጣፊ ናቸው፤ ማንም ሊጫናቸው አይገባም።

ጭንቅላትን በተመለከተ፣ የትንሽ ልጅ ጭንቅላት ከአካሉ አንጻር ትልቅ፣ አንገቱም ደካማ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ማርሻል አርት ባወጣው ሪፖርት፣ የእነዚህን ስፖርቶች ጥቅም ተቀብሎ ንክኪ በሌለው ዓይነት እንዲጀመር መክሯል፤ የራስ መከላከያ ማጥለቅም የአንጎል መናወጥን ስለ ማስቀረቱ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። "ራስ ላይ አጥልቀንላቸዋል፣ ምንም አይሆኑም" የሚል ማረጋገጫ አያሳምናችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለደሴዎች ነው። እናንተ ከእኛ ከኮምቦልቻዎች ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናችሁ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ባዶ እግር በሲሚንቶ ወለል ላይ መቆም ለትንሽ ልጅ ከባድ ነው። ምንጣፍ መኖሩን፣ ካለም በልጆቹ ቁጥር ልክ መሆኑን ገብታችሁ እዩ፤ በእጃችሁም ተጫኑት።

የሥነ ልቦና መምህር

እናቲቱ "ያረጋጋል ወይስ ያባብሳል" ብላ ለጠየቀችው የተጠና መልስ አለ። ኪምበርሊ ሌክስና ዊልያም ሆይት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ከፍለው ለሦስት ወራት ግማሾቹ የተለመደውን የሰውነት ማጎልመሻ፣ ግማሾቹ ቴኳንዶ እንዲማሩ አደረጉ። ቴኳንዶ የተማሩት ራስን በመግዛት፣ ትኩረት በማድረግና በክፍል ውስጥ ጠባይ የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ነገር ግን እዚያ የተሰጠው ሥልጠና ልጆቹ ራሳቸውን "አሁን የት ነኝ? ምን እያደረግሁ ነው? ምን ማድረግ አለብኝ?" እያሉ እንዲጠይቁ የሚያደርግ ነበር። ቀደም ብሎ በ1980ዎቹ በአጥፊ ታዳጊዎች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ አክብሮትንና ራስን መግዛትን ያካተተው ባህላዊ ሥልጠና ጠበኝነትን ሲቀንስ፣ ፍልሚያውን ብቻ የወሰደው ሥልጠና ጨምሮታል። ስለዚህ ሁለቱም የሰማሻቸው ሰዎች ያዩትን ነው የነገሩሽ፤ ያዩት ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

የሸዋበር አባት

አሰላሙ ዐለይኩም። በጨዋታው መካከል ስለ ገባሁ ይቅርታ፤ እኛ ቤት የነበረው ጥያቄ እዚህ አልተነሣም። የአምስት ዓመት ሴት ልጄን ልወስዳት ስል እናቴ የከለከለችው በመማታቱ ሳይሆን ልጆቹ ለሰላምታ ጎንበስ በማለታቸው ነው፤ "ልጄ ለፍጡር ሩኩዕ (በሶላት የሚደረገውን ማጎንበስ) አታደርግም" አለች። እኔም ዝም ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም፤ ከአሠልጣኙ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን። እሱ ክርስቲያን ነው፤ ጥያቄውን በአክብሮት ሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ሥልጠናው ሲጀመርና ሲያበቃ ልጆቹ ሁሉ፣ የእኔ ብቻ ሳትሆን፣ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዓይን ለዓይን እየተያዩ ሰላም ይባባላሉ። እናቴ ራሷ አንድ ቀን መጥታ አይታ፣ ይህማ የእኛው የወሎ ሰላምታ ነው ብላ ተመለሰች። ስታድግ ሒጃቧን ለብሳ መወዳደር እንደምትችልም ነግሮናል፤ በወርልድ ቴኳንዶ ውድድር የተፈቀደ ነው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ያላችሁ በጓዳ ከምታጉረመርሙ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ይሻላል።

የመናፈሻ እናት

እኔ ደግሞ ልጄን ካስወጣሁበት ቦታ የተማርኩትን ልናገር። በየሁለት ወሩ የቀበቶ ፈተና ይባልና ክፍያ ይጠየቃል፤ ያልከፈለ ልጅ ጓደኞቹ ቢጫ ሲታጠቁ እሱ ነጩን እንደያዘ ይቀራል። ክፍያውንስ ቻልኩት። ያልቻልኩት አሠልጣኙ በያዘው ቀጭን ዱላ የሕፃናቱን ቁርጭምጭሚት "አስተካክል" እያለ መንካቱን ነው። አይጎዳም፣ ልማድ ነው ተባልኩ። ልጄ ግን ማታ ሲተኛ እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ መተኛት ጀመረ። ወላጅ በሥልጠናው ሰዓት ገብቶ እንዲያይ አይፈቀድም ነበር፤ ይህ ብቻውን ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር።

የቧንቧ ውሃ እናት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተመለስኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያየሁትን ሳልጽፍ መቅረት አልፈለግሁም።

ሁለት ቦታ ሄድን። በመጀመሪያው ቦታ ከ40 የሚበልጡ ልጆች በአንድ አዳራሽ ነበሩ፤ የ14 ዓመቱም የ4 ዓመቱም አንድ ላይ ነው። ምንጣፉ ለፊተኞቹ ብቻ ይበቃል፤ ትንንሾቹ ከኋላ ሲሚንቶው ላይ ቆመው የሚሠራውን እንኳ አያዩም ነበር። ብዙም ሳንቆይ ወጣን።

ሁለተኛው ቦታ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ወለሉ በሙሉ ለብሷል፣ ልጆቹም ዘጠኝ ናቸው። ስለ ድምፁ አስቀድሜ ለአሠልጣኟ ነገርኳት፤ ሴት ናት። እሷም ልጄን በመጀመሪያው ቀን ከበሩ አጠገብ፣ ከእኔ ጎን አስቀመጠቻትና "ዛሬ የአንቺ ሥራ ማየት ነው" አለቻት። ልጆቹ ሲጮኹ ልጄ እንደፈራሁት ጆሮዋን ያዘች። በሁለተኛው ቅዳሜ ሩጫውና መቆሙ ላይ ገባች፤ ለመቆሙ ሁልጊዜ መጨረሻ ናት፤ ሁለት እርምጃ ትጨምራለች። አወዳደቁን ግን ወደደችው። ቤት ከመጣን በኋላ ፍራሹን መሬት አውርደን እየተንከባለለች አገጯን ደረቷ ላይ ስታስጠጋ፣ ለታናሽ ወንድሟም በጣቷ አገጩን ይዛ ስታሳየው አየሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ባለቤቴ አብሮን መጣ። ፓዱን የምትመታበት ተራ እስኪደርስ ከፊቷ አራት ልጆች ነበሩ። ሁለት ጊዜ ብድግ አለች፤ አሠልጣኟም ምንም ሳትናገር በመዳፏ ወደ ታች አመለከተቻት፤ ተመልሳ ተንበረከከች። ተራዋ ሲደርስ አሠልጣኟ ጎንበስ ብላ "በድምፅ ነው ወይስ ያለ ድምፅ?" ብላ ጠየቀቻት። ልጄ ዞር ብላ አባቷን አየች፤ "በድምፅ" አለች። የወጣው ድምፅ ከሹክሹክታ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ እግሯም ፓዱን ሳይሆን የአሠልጣኟን ክንድ ነው የነካው። ባለቤቴ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ለረጅም ጊዜ ቆየ።

ለሦስት ወር አስመዝግበናታል፤ ለፈተና ሳይሆን ለሥልጠናው ብቻ ብለን ተስማምተናል። የኬጂ መምህሯንም ሰኞ ሰኞ እንድትከታተልልን ጠይቀናታል፤ እርግጫ ወደ ክፍል ከመጣ እንደምናቆም ለልጅቷም ነግረናታል። በሸርተቴው ላይ ስላለው ተራ መምህሯ የምትለንን ይዤ እመለሳለሁ።

የኬጂ መምህርት፣ ደሴ

ስትመለሺ ጥሩውን ብቻ ሳይሆን ያልተለወጠውንም ጻፊልን። እኔም ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የመቆሙን ጨዋታ በክፍሌ ልሞክረው ነው።